የኤርሊን ልጆችና የሂውስተኗ አክስታቸው

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ ለኢዜልማ፦

እንዴት ከረምሽ፣ እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የሚኒሶታው ብርድ አሁንም ጣቶችሽን ያደርቅብሻል ወይስ ትንሽ ላላ አለ? እማሆይ አለቃችሁስ ሳላቸው ለቀቃቸው? ከአንቺ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀመጡት የገዳሙ እህቶች ሁሉ ደኅና ናቸው? ደብዳቤዬን በምሳ ሰዓት ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላቸው ስለጻፍሽልኝ ፊደሌን ላሳምር እየታገልኩ ነው። እንደምታውቂው ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ብዕር ከመጥረጊያ ይልቅ ይከብደኛል። ጥቂት እጽፋለሁ፣ ድስቴን አማስላለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ ጥቂት እጽፋለሁ። ስለዚህ እዚህም እዚያም የቅባት ጠብታ ብታዪ አትፍረጂብኝ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና ስልሽ እየበላን፣ እየተኛን፣ እየተነሣን ነው ማለቴ ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ የልጄ የኤርሊን መርዶ እንዴት እንደደረሰኝ ጠይቀሽኛል። እስከ ዛሬ ልጽፈው አልቻልኩም ነበር። በጥቅምት ወር ነው፣ ዝናብ ይጥላል። ልጄ እንደ ወትሮዋ ልጆቿን ኖላንና ሬኔን ጠዋት እኔ ዘንድ ትታ ወደ ሩዝ ወፍጮው ሥራዋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሬኔ አንዷን ዶሮዬን ልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ዘግቶባት ደረስኩ። «ምን እያደረግህ ነው?» ብለው «ቆሽሻለች» አለኝ። እህቱ ኖላ ደግሞ የሳሙናውን ዱቄት ታቅፋ ተራዋን ትጠብቃለች። እሱ አራት ዓመቱ፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነው እንግዲህ። ዶሮዋን በብብቴ ይዤ ሁለቱንም በረንዳ ላይ አሰልፌ ስቆጣ የአልፎንስ ልጅ፣ ፖሊሱ፣ መኪናውን አቁሞ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ከደረጃው ሥር ቆመ። ልጅ ሳለ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ስቆጣ ማቋረጥ እስከ ዛሬ ይፈራል። ዝናቡ አናቱን እየመታው ቁጣዬን እስክጨርስ ጠበቀኝ። እኔም ዞር ብዬ «አንተስ ደግሞ ምን አጥፍተህ ነው እንዲህ ያቀረቀርከው?» አልኩት። ያን ጊዜ አለቀሰ። የኤርሊን መኪና ድልድዩ ላይ ተንሸራታ ወንዝ ገብታ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ መሳቅ ብትፈልጊ ሳቂ፣ እኔም ስቄአለሁ። መንደርተኛው በሙሉ ለልጆቹ አዘነ። ማዘኑ መልካም ነው፤ ግን እዚህ አገር ሰው የሚያዝነው በስኳር ነው። አንዱ ኬክ ያመጣል፣ አንዷ የለውዝ ከረሜላ ታመጣለች፣ አንዱ ቡችላ ይዞ መጣ። ልጆቹ ቢያጠፉ «ተዪአቸው፣ እናት የላቸውም»፣ ቢሰብሩም «ተዪአቸው»። አንድ ቀን ዱቄት ልገዛ ሱቅ ብሄድ ባለ ሱቁ ቲቦዶ ዓይኑን እየጠራረገ «ይሄ የእርስዎ ሬኔ አንጀቴን በላው» አለኝ። ለካ ልጁ በየቀኑ ከሱቁ ደጃፍ እየሄደ መዳፉን ዘርግቶ በቀጭን ድምፅ «እናቴ ሞታለች» ይላል፣ ቲቦዶም አይስክሬም ይሰጠዋል። አንዳንድ ቀንማ «እናታችን ሞታለች፣ እህቴም የምትወደው ቸኮሌቱን ነው» ይል ነበር። እትዬ፣ እዚያው ዱቄቱ ላይ ተደግፌ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ እኔም አላውቅም።

ቤታችንስ ቢሆን መች ደኅና ሆነና። አማቼ ኤልሪክ፣ የልጆቹ አባት፣ ሥራው ባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫው ዘንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት ቤት። ሲመጣ ሐዘኑን የሚያደርግበት ስለሌለው ልጆቹ የጠየቁትን ሁሉ ይሰጣል። ሬኔ ጨረቃን ቢጠይቀው መሰላል ፍለጋ ይሄዳል። ባለቤቴ ሎቪንስ ደግሞ ጭራሽ ባሰ። በኪሱ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ሞልቶ ይዞራል፤ እኔ «ከእራት በፊት አይሆንም» ብዬ ሳልጨርስ በጠረጴዛው ሥር እጁ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እኔም እውነቱን ልናገር፤ ሬኔ ሲስቅ አፉ የኤርሊንን ስለሚመስል፣ አንዳንድ ቀን ቁጣዬ ከአፌ ሳይወጣ ይቀልጥ ነበር። ልጆቹም ቀን መቁጠሪያ ሳያውቁ የአባታቸውን መምጫ አወቁ። «ዛሬ እማማ አይሆንም ብትልም ሐሙስ አባዬ ይመጣል» ትላለች ኖላ፣ ረጋ ብላ፣ እንደ ጠበቃ።

ለገና የኤልሪክ ታላቅ እህት ሮዌና ከሂውስተን መጣች። ባንክ ትሠራለች፣ ልጅ የላትም፣ ቤቷ ውስጥ ነጭ ምንጣፍ አለ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለችም። ግን በቅዳሴው መሐል፣ ሁሉ ሰው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሬኔ አግዳሚው ላይ ወጥቶ «አባባ! ቄሱ ወይኑን ብቻቸውን ጠጡት እኮ!» ብሎ ጮኸ። ኖላ ደግሞ የሮዌናን አዲስ ባርኔጣ ለድመቷ መውለጃ ሰጠቻት። ድመቷም ወለደችበት። ሮዌና ያን ዕለት ማታ እጄን ይዛ «እማማ ኦዴል፣ ደክመዋል። ልጆቹ እኔ ዘንድ ይምጡ፤ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ፣ ሥርዓትም ይማራሉ። እዚህ ከቆዩ እኮ ዱርዬ ሆነው ነው የሚያድጉት» አለችኝ። ኤልሪክን አየሁት። አልተቃወመም። ሳህኑን እያየ «ለማርዲ ግራ በዓል ስትመጪ እንወስናለን» አላት። ልጄን ቀብሬአለሁ፤ ልጆቿንም ወደ ሂውስተን ሸኝቼ ባዶ ቤት መመለስ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ሳህን አጠብኩ። አንዱንም ሰበርኩ።

ገና እንዳለፈ ሁለቱን ወንዶች ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጥኳቸው። «ያበዱት ልጆቹ አይደሉም፣ እኛ ነን። እኔ አይሆንም ስል አንተ ይሁን ትላለህ፤ አንተ ይሁን ያልከውን እሱ እጥፍ ያደርገዋል። ቤት ሦስት አፍ ካለው ልጅ የሚሰማው ሆዱን ነው» አልኳቸው። ሎቪንስ «አንቺ ሴት፣ አንድ ቁራጭ ጥብስ ምን ይጎዳል?» አለኝ። «አንተ የማርዲ ግራ ካፒቴን፣ ሠላሳ ሰካራም ፈረሰኛ በአንድ አለንጋ የምትገዛ ሰውዬ፣ ለአራት ዓመት ልጅ ትንበረከካለህ?» ብለው «ሰካራሞቹ አያለቅሱብኝማ!» ብሎ መለሰልኝ።

እንዲህ ተስማማን። ሰኞ የተከለከለ እሑድም የተከለከለ ነው። የምናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሕጉን ያፈረሰ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በረንዳው ላይ ባለው የእንጨት ሣጥን ይቀመጣል፤ እኔ በመቁጠሪያዬ አስር ጊዜ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም» ብዬ ደግሜ እስክጨርስ አይነሣም። ዱላ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ማባበልም የለም። ሲያልቅ ተስሞ ይነሣል፣ ነገሩም ተመልሶ አይወሳም። ለቲቦዶም ሄጄ «ሬኔ እናቱ መሞቷን ሲነግርህ ነፍስ ይማር በለው እንጂ አይስክሬም አትስጠው» አልኩት።

የመጀመሪያውን ሳምንት እትዬ፣ ከአንቺ ከመነኩሲቷ የበለጠ ጸልዬአለሁ። ሬኔ ከሣጥኑ ላይ የተነሣበት ጊዜ ትንሽ ነው። ከዚያም ዘዴ አገኘ፤ እኔ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም» ብዬ በቀስታ ስጀምር እሱ እንደ ጋለበ ፈረስ አስሩንም ይወርደውና «አሜን! ጨረስኩልሽ» ይለኛል። «የሚቆጠረው የእኔ ነው» ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጮኸ፣ ተንከባለለ፣ «አባባን እጠራለሁ» አለ። አባባ የሚለው ሎቪንስ ጎተራው ውስጥ ጆሮውን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ኋላ ቡችላው ነው የነገረበት፣ አብሮት ያላዝን ነበርና። እናት የሌለውን ልጅ ማስለቀስ ቀላል አይደለም። ግን በማግስቱ ያንኑ ቃል ያንኑ ያህል አልኩ፣ በማግስቱም እንዲሁ።

ኤልሪክ ከባሕር ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ ከረሜላ በተነ። «ሣጥኑ» አልኩት። ሳቀ። አልሳቅሁም። ያ ግዙፍ ሰው ጉልበቱ ጆሮው እስኪደርስ ሣጥኗ ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ኖላ ቀስ ብላ ጠጋ አለችና «አባዬ፣ አታልቅስ፣ ቶሎ ያልቃል» አለችው። እውነትም አለቀሰ፣ እትዬ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር፤ እዚያች ሣጥን ላይ ተንሰቀሰቀ። እኔም አስሩን ጨርሼ እንደገና ጀመርኩለት፣ ዕንባው እንዳይቋረጥበት ብዬ። ከዚያን ቀን ወዲያ ከረሜላ ሲያመጣ ለእኔ ይሰጠኛል።

ቀስ በቀስ ቤቱ ሰከነ። ሬኔ ሳህኑን ወደ ማጠቢያው ማድረስ ለመደ፣ ኖላ ሳትጠየቅ ዶሮዎቹን ታስገባለች። አንድ ማታ ሲጸልይ ሬኔ «እግዚአብሔር፣ ለእማዬ ዕረፍት ስጣት» አለና ዓይኑን ገልጦ ወደ ጣሪያው ጣቱን ቀሰረ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው!» ብሎ ተኛ።

ማርዲ ግራ ሲቃረብ ሕፃናቱ ጭምብል ለባሾቹን ፈሩ። ለእህቶችሽ ስታነቢ ይህን አስረጃቸው፤ የሚኒሶታ ሰው አያውቀውም። ጾም ሊገባ ሲል፣ ማክሰኞ፣ ወንዶቻችን ጭምብል አጥልቀው በፈረስ ቤት ለቤት እየዞሩ ለማታው ጎምቦ ወጥ ዶሮና ሩዝ ይለምናሉ። ጭምብል የሌለው ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ ነጭ ባንዲራውን ይዞ ቀድሞ ይመጣና የቤቱን እመቤት ያስፈቅዳል። እሷ እሺ ሳትል አጥር የሚያልፍ የለም። ከዚያ ተንበርክከው ይዘፍናሉ፣ ይለምናሉ፤ ዶሮዋም ትለቀቅና ሮጠው ይይዟታል። እኔም ፍርሃታቸው እንዲለቃቸው «የአጥሩን በር የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ያለ ካፒቴኑ ማንንም እንዳታስገቡ። ስማቸውን ቢነግሯችሁ አትመኑ፣ ጭምብል ለባሽ ሁልጊዜ ይዋሻል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው» አልኳቸው። ይሄ የእኔ ስሕተት ነበር፤ ሮዌና በዚያው ቀን እንደምትመጣ እያወቅሁ ከፈረሰኞቹ ቀድማ ትደርሳለች ብዬ አላሰብኩም።

በኩሽናው መስኮት አየኋት። ሐምራዊና አረንጓዴ እያደረገ የሚያብለጨልጭ ካፖርት ለብሳለች፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ። ጸጉሯ ወደ ላይ ተቆልሏል፤ ጥቁር መነጽሯ ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል። ሂውስተን ውስጥ ፋሽኑ ይሄ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ግን በዚያ ቀን ፈረሷ የጠፋባት ጭምብል ለባሽ ነው የምትመስለው።

«ካፒቴንሽ የታለ?» አለቻት ኖላ በሩን ይዛ።

«የምን ካፒቴን? እኔ አክስትሽ ሮዌና ነኝ!»

ሬኔ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለ።

«ልጆች፣ አትቀልዱ፣ ጫማዬ ጭቃ ገባ» ብላ መቀርቀሪያውን አንሥታ አንድ እግሯን አስገባች። አቤት ጩኸት! ሬኔ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፊቷ ተገተረ። «ያለ ፈቃድ ገባች! እማማ! ያለ ፈቃድ ገባች!» ኖላ ግን አልጮኸችም። «ውጪና እንደ ደንቡ ለምኚ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው» አለቻት።

የወጥ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። መነጽሯን አወለቀች፤ ፊቷ ቀልቷል። «እማማ ኦዴል፣ ይህን ነው ሥርዓት የሚሉት?» አለችኝ። ልጆቹ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አሁን እሷ መሆኗን አውቀዋል፤ ግን የሚያዩት እኔን ነው። እትዬ፣ «ግቢ ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊላቸው» ብል ለእንግዳ ሕጉ ይፈርሳል ማለት ነው፣ የሁለት ወር ልፋቴ እዚያው ጭቃ ውስጥ ገባ። አላስገባሽም ብላት ደግሞ ልጆቹን ጭና ትሄዳለች። ሁለቱንም በአንድ ላይ ማዳን አልቻልኩም። «ሮዌና ልጄ» አልኳት፣ «በሩን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ያስጠበቅኋቸውም እኔ ነኝ። ካፒቴኑ እስኪደርስ ከውጭ ሁኚ።»

ወጣች። በሩንም እራሷ ዘጋችው፣ ጓ አድርጋ።

በዚህ መሐል ፈረሰኞቹ ደረሱ። ሎቪንስ ነጭ ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ሲመጣ ሮዌናን አጥሩ ሥር ቆማ አያት፤ እኔን አየኝ፤ አለንጋው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት። ካፒቴንነቱ መጣለትና ደረቱን ነፍቶ ለኖላ «እመቤት፣ ማርዲ ግራን ትቀበያለሽ?» አላት። ኖላ «እቀበላለሁ። እሷም ከለመነች እቀበላታለሁ» አለች። ጭምብል ለባሾቹ ከየፈረሳቸው እየዘለሉ ተንበረከኩ። አንዱ ግዙፍ፣ የከብት ጭምብል ያጠለቀ፣ ሮዌና አጠገብ ዱብ አለና «ተንበርከኪ እንጂ፣ ሴትዮ! ጎምቦ አትፈልጊም?» አላት። የኤልሪክ ድምፅ ነው። «አንተ ባለጌ!» አለችው፤ ከዚያ ግን ካፖርቷን ሰብስባ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታውቀዋለች፣ እትዬ! ወንዶቹ መሐል ላይ ሲረሱት እሷ ናት የመራቻቸው። ሬኔ ዶሮዋን ሲለቅ ጫማዋን ወርውራ በካልሲዋ ሮጠች፣ ሁለት ሰካራም ገፍትራ ከጎተራው ሥር ጎትታ አወጣቻት። ላባ ጸጉሯ ላይ ተሰክቶ «ያዝኳት! ያዝኳት!» ትላለች። ኋላ እንደነገረችኝ በልጅነቷ ሴት ልጅ አትጋልብም ተብላ ወንድሞቿን በመስኮት ነበር የምታያቸው።

ማታ ጎምቦው ሲቀርብ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ጸሎት እስኪያልቅ ተቀመጡ። ሮዌና በጠረጴዛው ሥር ለሬኔ የለውዝ ከረሜላ ስታቀብለው አየሁ። ሬኔ መልሶ እጇ ላይ አደረገላትና በሹክሹክታ፣ ማለት ቤቱ በሙሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ከምግብ በፊት አይሆንም። ደብቂው፣ እማማ ካየችሽ ሣጥን ላይ ነሽ» አላት።

ሳህን ሳጥብ ከበረንዳው ድምፃቸው ይሰማኛል። «እዚህ ይቆዩ፣ ኤልሪክ» ትለዋለች። «እኔ ዘንድ ቢመጡ በሳምንት ነው የማበላሻቸው። ያ ትንሹ ዓይኑን ሲያሳየኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ ሞክሬአለሁ።» ከዚያ ገብታ ፎጣውን ወሰደችና ጎኔ ቆማ ሳህኑን ታደርቅ ጀመር። «እማማ ኦዴል፣ ያን ጊዜ በሩን ቢከፍቱልኝ ኖሮ ወስጃቸው ነበር» አለችኝ። እኔም ሌላ ሳህን አቀበልኳት።

በማግስቱ፣ ጾሙ በሚገባበት በአመድ ረቡዕ፣ ቁርስ ላይ አባታቸው እዚሁ እንደሚኖሩ ነገራቸው። ኖላ «ለሁልጊዜ?» አለች። «ለሁልጊዜ።» ዳቦዋን በላች። ከቤተ ክርስቲያን ግንባራችን ላይ የአመዱን መስቀል ተቀብለን ስንመለስ ግን ሬኔ ጠፋ። እንግዳ ልጅ ጨዋ ነው፣ የሚረብሸው የቤት ልጅ ነው። ምድጃዬን ጠርጎ አመዱን በቆርቆሮ ይዞ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ግንባራቸው ላይ መስቀል ይስልላቸዋል፤ «አፈር መሆንሽን አስታውሺ» እያለ። ቡችላው ተቀብቷል፣ ድመቷና ልጆቿ ተቀብተዋል፣ አሳማዋም ተቀብታለች። ኩሽናዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አመድ ነው። ከበሩ ኋላ ሄጄ ሳቄን ጨረስኩና ፊቴን ኮስተር አድርጌ ተመልሼ «ሣጥኑ» አልኩት። ሄዶ ተቀመጠ። አስሬን ደገምኩ፣ ሳምኩት፣ አብረን ጠረግን።

ሳሎኑን ስጠርግ የኤርሊንን ፎቶግራፍ አየሁ። ወንበር ስቦ ወጥቶ እሷንም ቀብቷታል፤ በመስታወቱ ላይ፣ ልክ ግንባሯ ላይ፣ ትንሽ ጠማማ መስቀል። «ይሄስ?» ስለው «እሷ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም እኮ» አለኝ። ይህን የሚከለክል ሕግ አላወጣሁም። ቤቱን ሁሉ ጠረግሁ፣ መስታወቱን ግን አልነካሁትም። እስከ አሁን አለ።

ሎቪንስ ሰላም ይልሻል፤ ከረሜላ ለጾም ትቻለሁ ይላል፣ ስለ ጥብሱ ግን ዝም ነው። ኤልሪክ ባሕር ላይ ነው፤ ከመሄዱ በፊት ግንባሯን ሳሚልኝ ብሎኛል። ሮዌናም ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች፣ ጭቃ የሚችል ጫማ ይዛ። ኖላ ስሟን እራሷ ልትጽፍልሽ ስላለች ከታች ቦታ ተውኩላት። ሬኔ በረዶ በፖስታ ላኪልኝ ይልሻል። አንቺም እማሆይን እጅ ንሺልኝ፣ እህቶችሽንም አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

እንግዲህ እትዬ፣ እናንተም በገበታው ዙሪያ ያላችሁ እህቶች፣ ልጄ ኤርሊን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ሳቋ ከመንገድ ይሰማ ነበር፣ ልጆቿንም ትወድ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ማንኪያችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ስሟን ጠርታችሁ ጸልዩላት። ይህን ወረቀት ያየ ሁሉ ነፍስ ይማር ይበልልኝ።

እህትሽ ኦዴል

ላንስ ግሪ፣ ሉዊዚያና
ማርች 19 ቀን 1984